ለኪችን ካቢኔት ሽማግሌ አይላክም

ሚስት መምረጥ ቀላል ነው። አትቆጡ፤ ምክንያት አለኝ። ለሚስት ሽማግሌ ይላካል፣ ዘር ይጠየቃል፣ ጎረቤት ይመክራል፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር እሷ ራሷ እንቢ ማለት ትችላለች። ኪችን ካቢኔትስ? ዝም ብሎ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ከዚያ ዕድሜ ልካችሁን ስትተያዩ ትኖራላችሁ።

እኔ ከሮቢት ሽንኩርት እያመጣሁ ቆቦ ገበያ የምሸጥ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ዘሃራ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ከሄደች ዓመታት አልፈዋል። እሷ እዚያ የሰው ቤት ስታጸዳ፣ እኔ እዚህ የኛን ስሠራ፣ ትዳራችን ስልክ ውስጥ ነው የሚኖረው። አንድ ቀን "ማድቤቱ ሲያልቅ እመጣለሁ" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሽንኩርቱም ተረሳ፤ ወሬዬ ሁሉ ማድቤት ሆነ።

ዋጃ ወዳለው አናጢ፣ ወደ ሰይድ ሄድኩ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ በፎቶ አደረገኝ። የሚያብረቀርቅ ነጭ አለ፤ የእንጨት መልክ አለ፤ እጀታ የሌለውም አለ። በምን ሊከፈት ነው፣ በዱዓ? "ቤትህን የሚመስለውን ምረጥ" አለኝ። ቤቴ ምን ይመስላል? ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ በሩ ሰማያዊ ቆርቆሮ። ይህን የሚመስል ካቢኔት ገና አልተሠራም።

ዘሃራ አንዴ በስልክ ያሳየችኝ የአሠሪዋ ማድቤት ትዝ አለኝ፤ ነጭ፣ ዓይን የሚወጋ። ያንን የለመደች ሴት እንዴት ወርዳ የኔ ውስጥ ትገባለች? ብዬ ሳልጠይቃት ነጩን አዘዝኩ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እኔ ነኝ።

ሰይድ ሊሰቅል ሲመጣ፣ የላይኛው መደርደሪያ ለባለቤቲቱ እጅ እንዲስማማ ተለክቶ ነው የሚሰቀለው አለና "ቁመቷ ምን ያህል ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

ምን ልበል? በየቀኑ ፊቷን አያለሁ። ቅንድቧን፣ ጥርሷን፣ ሻሿን አያለሁ። ለካ ስልክ ቁመት አያሳይም! አፍሬ ስንተባተብ፣ ቆቦ መናኸሪያ የተለያየንበት ቀን ትዝ አለኝ። ስታቅፈኝ ጭንቅላቷ አገጬ ሥር ገባ። ሻሿ ከሸሚዜ ቁልፍ ጋር ተያይዞ፣ እየሳቅን እያለቀስን ነው ያላቀቅነው።

"እስከዚህ" አልኩት፣ አገጬ ሥር በእጄ እያሳየሁ።

ግድግዳው ጋ አቁሞኝ በእርሳስ ምልክት አደረገና መሰርሰሪያውን ሊያመጣ ወጣ። እኔ አገጬን ወደ ምልክቷ ዝቅ አድርጌ ትንሽ ቆየሁ። ሰው ቢያየኝ፣ ሽንኩርት ነጋዴው ግድግዳ መሳም ጀመረ ይል ነበር።

ካቢኔቱ ተሰቀለ። ደወልኩላትና ስልኩን ወደ ማድቤቱ አዞርኩት። ዝም አለች። ኔትወርኩ መስሎኝ "ሃሎ! ሃሎ!" እላለሁ።

"አንተየ" አለች በመጨረሻ፣ "ጧት ማታ የምወለውለው እኮ ይሄንኑ ነው። አገሬ ገብቼም የማዳምን ማድቤት ላጽዳ?"

"ታዲያ ምን ዓይነት ይሁንልሽ?"

"በር አይኑረው። እዚህ የምነካው ሁሉ የሰው ነው። የራሴን ሳህን ገና ስገባ ልየው።" ይህን ብላ ሳቀች ወይስ አለቀሰች፣ ስልኩ አልለየልኝም።

በማግስቱ ሰይድ በሮቹን ነቀላቸው። እያንዳንዱን ግድግዳ ላይ ሲያስደግፍ "ኢና ሊላሂ" ይላል፤ ለቀስተኛ ነው የመሰለው። የቀረውን ቡናማ ቀባው። ጎረቤት እየመጣ "በሩ መቼ ነው የሚገጠመው?" ይለኛል። እኔ ከሰርጋችን የተረፉትን ሳህኖች አጥቤ ደረደርኩ። አበባቸው ደብዝዟል፤ አንዱም ጫፉ ተሸርፏል። ሳሳያት "የተሸረፈውን ወደፊት አምጣው" አለችኝ፤ "እሱን የሸረፍኩት እኔ ነኝ።"

"በይ እንግዲህ፣ ማድቤቱ አለቀ፤ መቼ ነው የምትመጪው?" አልኳት።

"ኢንሻአላህ" አለች፤ "ሳሎኑ ሲያልቅ።"

ሳሎን! ሶፋው፣ መጋረጃው፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫው! ከሳሎን ቀጥሎ ደግሞ መኝታ ቤት አለ፤ ከመኝታ ቤት ቀጥሎ አጥር። ቤት መቼ ያልቃል? የሚያልቀው ሰው ነው።

ከጁምዓ ሶላት ስመለስ አንድ ምንጣፍ ይዤ ገባሁ። ባዶው ሳሎን መሃል ዘረጋሁት፣ ጫማዬን አውልቄ ቁጭ አልኩበትና ደወልኩላት።

"ሳሎኑ አልቋል" አልኳት።