ክብርት ፎርቱኔና የእንቁላሉ መጽሐፍ

ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው በሚማሩበት ክፍል ሁሉ፣ በየትም አገር ይሁን፣ አንድ ጠያቂ አይጠፋም። ጠያቂ ስል ያልገባውን የሚጠይቀውን ማለቴ አይደለም፤ እሱማ ምስኪን ነው፣ ሲመለስለት ዝም ይላል። እኔ የምለው የገባውንም የሚጠይቀውን ነው። አስተማሪው መጽሐፉን ሊዘጋ ሲል፣ እኛም የካፖርታችንን አንድ እጅጌ አጥልቀን ሌላውን ስንፈልግ፣ ጉሮሮውን ጠረግ የሚያደርገውን።

በእኛ በፕሎቭዲቭ ከተማ ትንሽዬ የአይሁድ ማኅበር ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክብርት ፎርቱኔ ናቸው። የሾማቸው የለም፤ ራሳቸው መጥተው የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት በቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ። የታሸገ ኮክ ሲመጣላቸው ክዳኑን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው "ይሄ አየር ገብቶታል" ካሉ፣ ሙሉ ጭነቱ ይመለስ ነበር ይባላል። ጡረታ ሲወጡ ያንኑ አውራ ጣት ይዘው ወደ ሃይማኖት ትምህርት መጡ። ሁላችንም "ቲያ ፎርቱኔ" እንላቸዋለን፣ አክስቴ እንደማለት ነው፤ የማናችንም አክስት ግን አይደሉም።

መምህራችን ረቢ ዮኤል ገና ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ከሶፊያ በባቡር ይመጣና ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ያስተምረናል። መጀመሪያ የመጣ ቀን ከአባቶቻችን የሕግ መጻሕፍት አጠር ያለውን መርጦ ነበር፤ በበዓል ቀን የተጣለ እንቁላል ይበላል ወይስ አይበላም ብሎ የሚጀምረውን። "በስድስት ወር እንጨርሰዋለን" አለን። የዋህ!

"ትንሽ ነገር ልጠይቅ" አሉ ቲያ ፎርቱኔ።

"ይጠይቁ እንጂ!" አለ ደስ ብሎት። አላወቀማ።

"ዶሮዋ በበዓሉ ቀን ስትጥል ማን አየ?"

"ባለቤቷ አይቷል እንበል።"

"እንበል አይባልም፣ ረቢ። አይቷል ወይስ አላየም? በዓል ነው፣ ሰውየው ምኩራብ ነው። ሚስቱ ምግብ እያቀረበች ነው። ታዲያ ማን ነው ሥራ ፈትቶ ዶሮ ሥር የተቀመጠው?"

እኛ ነን የተቀመጥነው። ከዚያች ዶሮ ሥር ለመነሳት አራት ወር ፈጀብን።

ቀጥሎ የርግብ ቤት መሰላል መጣ። በበዓል ቀን መሰላል የተሸከመ ሰው ጎረቤት ቢያየው፣ ጣሪያውን ሊጠግን ነው ብሎ ያማዋልና ይቅርበት የሚሉ ሊቃውንት አሉ። "ጎረቤቱን ምን አገባው?" አሉ ቲያ ፎርቱኔ። "ደግሞስ እሱ ራሱ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ምን ይሠራል?" ረቢ ዮኤል ለመምህሩ ደወለ፤ መምህሩም ለራሱ መምህር ደወለ። መልሱ በሦስተኛው ሳምንት ደረሰ። ቲያ ፎርቱኔ በጥሞና አዳመጡ፣ ደብተራቸው ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ወረቀቱን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። "አየር ገብቶታል" አሉ።

እንዲህ እንዲህ ስንል ሁለት ዓመት ተኩል አለፈ።

አሁን ስለ ሽማግሌው ኢዚዶር ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በእሳቸው ነውና። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ የበኩር ልጅ ናቸው። እኔም ነኝ፤ ቡኮ የሚባለው ስሜ ራሱ በእኛ ዘንድ በኩር ማለት ነው። በፋሲካችን ዋዜማ በኩር ሁሉ ይጾማል። ማምለጫው አንድ ነው፤ በዚያን ቀን ጠዋት አንድ መጽሐፍ ተምረው የሚፈጽሙ ሰዎች ማዕድ ላይ የተገኘ ይበላል። አምና የሚፈጸም መጽሐፍ አጣን። ኢዚዶር የስኳር በሽታቸውን ይዘው ጾሙ፤ ከሰዓት በኋላ ምኩራቡ በር ላይ ወደቁ። ሐኪማቸው "ዘንድሮ ከደገሙት አይነሱም" ብሎ ቁርጡን ነገረን። ኢዚዶርን አይጹሙ ማለት ግን ግድግዳን ዞር በል ማለት ነው። "ማዕድ ካለ እበላለሁ፣ ከሌለ እጾማለሁ" አሉ፤ አለቀ።

በጥር ወር ስምንት ገጽ ቀርቶን ነበር። በቲያ ፎርቱኔ አካሄድ እስከ ፋሲካ ሁለቱን ብንጨርስ ነው። ስለዚህ ተማከርን። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

"ቲያ ፎርቱኔ፣ የማኅበሩ ማሞቂያ ተበላሽቷል። ዛሬ ትምህርት የለም።"

"ውይ! ረቢው እኮ አሁን ባቡር ላይ ነው። ያ ልጅ በብርድ ሊደርቅ ነው?"

"እኛ እናስብበታለን፣ እርስዎ አይልፉ" አልኩና ዘጋሁት።

ያን ቀን ስድስት ገጽ በሃምሳ ደቂቃ አነበብን። ኢዚዶር ጉንፋን ይዟቸው ቀርተው ነበር፤ ስለ ምክራችንም አልሰሙም። የጠየቀ የለም፣ የተከራከረ የለም። በሳምንቱ ቲያ ፎርቱኔ መጡ፤ ረቢው ስድስት ገጽ አልፎ ሲጀምር እሳቸውም ስድስት ገጽ ገለጡና ትንፍሽ ሳይሉ ተቀመጡ። እርስ በርሳችን ተያየን። አላስተዋሉም ብለን ደስ አለን! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክዳን ሲነኩ የኖሩ ሴት ስድስት ገጽ ያመልጣቸዋል ብሎ ማሰብ የጤና አይደለም።

የዋዜማው ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁላችንም ተገኘን። ጠረጴዛው ላይ በአይብ የተሞላ፣ ቡሬካ የምንለው የሊጥ ጥቅልልና በሽንኩርት ልጣጭ ተቀቅሎ የቀላ እንቁላል ተደርድሯል። ኢዚዶር ፊታቸው ገርጥቷል። ረቢ ዮኤል የመጨረሻዎቹን መስመሮች አነበበ፤ በፋሲካ ወደ መስክ ወጥተው በመጀመሪያው ዝናብ ስለሚመለሱ ከብቶች ነው። ከዚያ የለመደበት ምላሱ አመለጠውና "ያልገባው አለ?" አለ።

ሁላችንም ቲያ ፎርቱኔን አየን። ዝም አሉ። ተመስገን! እንቁላል አንስቼ ለኢዚዶር አቀበልኳቸው።

መልሰው አስቀመጡት። "አልበላም።"

"ኧረ ለምን?"

ጣታቸውን እያራሱ ስድስቱን ገጾች አንድ በአንድ ገለጡ። "እነዚህ ላይ ፎርቱኔ ስትጨቃጨቅ አላስታውስም። ፎርቱኔ ያልጠየቀችበት ገጽ ያልተማርነው ገጽ ነው። እኔ የታመምኩ ጊዜ ዘላችሁታል። ስለዚህ መጽሐፉ አላለቀም፣ ማዕድም የለም። እጾማለሁ።"

ረቢ ዮኤል እስከ አንገቱ ቀላ። የቀሩት ሁሉ እኔን አዩኝ፤ የደወልኩት እኔ ነኛ።

"አልዘለልነውም" አልኩ። "ተምረነዋል። ያኔ ማሞቂያው አልተበላሸም ነበር። ቲያ ፎርቱኔ፣ ዋሽቼዎታለሁ። እርስዎ እንዳይኖሩ ፈልገን ነው።"

ነገሩ በዚህ ቃል ሲነገር ምን ያህል እንደሚያስጠላ ያን ጊዜ ገባኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

"እሷ ያልተማረችውንማ ተፈጸመ ብዬ አልበላም!" አሉ ኢዚዶር፣ ከንፈራቸውን ገጥመው።

"ብላ፣ ኢዚዶር" አሉ ቲያ ፎርቱኔ። "ተምሬዋለሁ።"

"የት?"

"ደረጃው ላይ። ቡኮ ማሞቂያው ተበላሸ ሲለኝ የራሴን በአውቶቡስ ይዤ መጣሁ፣ ረቢው እንዳይበርደው ብዬ። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ከውስጥ ማንበብ ስትጀምሩ ሰማሁ። ልግባና ልክ ላግባችሁ ብዬ ነበር። በኋላ ለአንተ ብለው መሆኑ ገባኝ። አምና በር ላይ ስትወድቅ እኔም እኮ ነበርኩ። ስለዚህ ሳልገባ እስከ መጨረሻው ቆሜ ሰማሁ። በል አሁን ብላ!"

ኢዚዶር እንቁላሉን ላጡና ጎረሱ። ሁለተኛውን ሲያነሱ ነው እኛ የተነፈስነው።

ቲያ ፎርቱኔ ደብተራቸውን ገለጡ። ቀኑ የጥር ነው። ጽሑፉ ጠማማ ነው፤ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፈው የጻፉት ነው። አሥራ ሰባት ጥያቄ።

"አንዳችሁ ይጠይቃል ብዬ ጠበቅኩ" አሉ። "አንድ ሰው እንኳ! ይሄ ልጅ ብቻውን ያነባል፣ ያነባል፣ አቤት የሚለው የለም። አንጀቴን በላው።"

ረቢ ዮኤል ካፖርቱን አወለቀ። "ከመጀመሪያው ይጀምሩልኝ" አለ።

በፋሲካ ዋዜማ ማንም ሰው ሥራ አይፈታም፤ ጽዳቱ አለ፣ ማዕዱ አለ፣ ሚስት አለች። የእኔዋ አራት ጊዜ ደወለች። ከዚያ ክፍል ግን የወጣ የለም። ስድስቱን ገጾች እኔም አንብቤያቸው ነበር፤ ይኸው አንዲት መስመር ትዝ አትለኝም። ዶሮዋንና መሰላሉን ግን ቀብረውኝም አልረሳቸው። እኚህን ሴትዮ እንዴት እንደምወዳቸው እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ኢዚዶር ወንበር ሳቡልኝ። "ተቀመጥ እንጂ ቡኮ፣ ገና አሥራ አራት ይቀራል" አሉኝ።

አልተቀመጥኩም። ቲያ ፎርቱኔ ደረጃው ላይ ቆመው የተማሩትን እኔ ተቀምጬ ለመስማት አፈርኩ።