ከባሕር ጋር የሚከራከሩት ጋሼ ጠርሙስ

እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት አንድ የማይረታ ተከራካሪ አለው። ከሌለው ገና ሥራ አልጀመረም ማለት ነው። የእኛ የባሕር ምርምር ተቋም ግን ዕድሉ ሰፍቶ የተከራካሪዎችን ሁሉ አውራ ታድሏል፤ ክቡር ዶክተር ጋሼ ጠርሙስን።

እኔ የተቋሙ መጽሔት አዘጋጅ ነኝ። በተቀጠርኩ ሰሞን አንዲት ቀላል ጥያቄ ይዤ ቢሯቸውን አንኳኳሁ። ከየብስ የራቀው ሰፊ ባሕር ውሃው ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፤ ውበቱም ከድህነቱ ነው፣ ለሕይወት የሚሆን ንጥረ ነገር እምብዛም የለውም። ቢሆንም ፕላንክተን የሚባሉ ደቃቅ ተንሳፋፊ ነፍሳት ይኖሩበታል። ገሚሶቹ በፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠሩ ኦክስጅን ያወጣሉ፤ የቀሩት እየበሉ ኦክስጅኑን ይጨርሳሉ።

“ሲደመር ሲቀነስ የቱ ይበልጣል ጋሼ? የሚያወጡት ወይስ የሚጨርሱት?”

“የሚጨርሱት!” አሉ መነጽራቸውን አውልቀው።

“ከሚሠራው በላይ ከበሉ ታዲያ ትርፉ ምግብ ከየት መጣላቸው?”

“ከየትም አልመጣም የምትለኝ በምን መረጃ ነው?”

እኔ እንዲያ አላልኩም ነበር። ያም ሆኖ ስንለያይ የምሳ ሰዓት አልፎ፣ የመጣሁበትን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳላገኝ፣ ራስ ምታት ይዤ ወጣሁ።

ቅጽል ስማቸውን ያተረፈላቸው ሥራቸው ነው። መርከብ ላይ ሆነው የባሕር ውሃ ይቀዱና በጠርሙስ ያሽጋሉ። ገሚሱን ብርሃን ላይ ይተዉታል፣ ገሚሱን በጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑታል። በማግሥቱ በብርሃኑ ስንት ኦክስጅን እንደተጨመረ፣ በጨለማው ስንት እንደጎደለ ይለካሉ። ጠርሙሶቹ ፀሐይ በሚሞቁበት ሰዓት በዚያ የሚያልፍ ሰው ወዮለት! አንድ ቀን የመርከቡ ወጥ ሠሪ ሳህን ተሸክሞ ሲያልፍ፣ “ጥላህን አንሳ!” ብለው ጮኹበት።

ሰውየው ክው ብሎ ቆመ። “የት ላስቀምጠው ጋሼ?”

ቤታቸውም ያው ናቸው። ባለቤታቸው “ውጭ እየዘነበ ነው” ሲሉ፣ “የሚተነው ተቀንሷል?” ይላሉ። በልጃቸው ሠርግ ላይ አንድ አዛውንት “ተስማምታችሁ ትኖራላችሁ” ብለው ሲመርቁ፣ የሙሽራዋ አባት ብድግ ብለው “በምን መረጃ?” አሉ። ልጅቷ “አባዬ፣ የዛሬን እንኳ!” ብላ ባትለምናቸው ኖሮ ምርቃቱ እስካሁንም አያልቅም ነበር።

ልካቸውን የምታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ተንሳፋፊዋ የምንላት ባልደረባቸው። እሷ ጠርሙስ የሚባል አትነካም። መለኪያዋን ባሕሩ ላይ ትለቀዋለች፣ እሱም እየተንሳፈፈ ኦክስጅኑን እዚያው ይለካላታል። ውጤቷ ደግሞ የጋሼን ተቃራኒ ነው፤ ነፍሳቱ የሚያወጡት በጥቂቱ ይበልጣል።

“ጋሼ፣ የታሸገ ፍጡር እንደ ነፃው አይኖርም” ትላቸዋለች።

“አንቺ ልጅ፣ ያ ቆርቆሮሽ ማዕበል የቀላቀለውን አየር ነፍሳት ከሠሩት ለይቶ ያውቃል?” ይሏታል።

“አንቺ ልጅ” የሚሏት ሴት፣ እንዲህ ሲባባሉ ጸጉሯ ሸብቷል።

ባለፈው ዓመት ዳይሬክተራችን ሰለቻቸውና ስብሰባ ጠሩ። “መርከቡ ላይ ለሁለታችሁ የሚበቃ ቦታ የለም። ከእንግዲህ በአንድ መንገድ ብቻ እንለካለን፤ ጠርሙሶቹ ይቀጥላሉ፣ የተንሳፋፊው መለኪያ ሥራ ይዘጋል” አሉ።

ተንሳፋፊዋ የእስክሪብቶዋን ክዳን ከፈተች፣ ገጠመች፣ ደግሞ ከፈተች። የዕድሜዋ ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር አበቃ። ሁላችንም ወደ ጋሼ ጠርሙስ ዞርን፤ ዕድሜ ልካቸውን የተፋለሙለት ድል ያለ ልፋት እጃቸው ገብቷል።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “በምን መረጃ?”

“ምኑ ዶክተር?”

“ጠርሙሶቹ ልክ ናቸው ያለዎት ማን ነው? የታሸገ ፍጡር እንደ ነፃው አይኖርም! እኔን ራሴን እዚህ ክፍል ቆልፋችሁብኝ ስታበቁ ጠባዩ ይህ ነው ብትሉ ማን ያምናችኋል?”

“ኧረ ዶክተር፣ አሸንፈዋል እኮ!”

“እሷ ከሌለች ማንን ነው ያሸነፍኩት?”

ዳይሬክተሩን እስኪሰለቻቸው ሳይሆን እስኪያልባቸው ተከራከሯቸው። በመጨረሻም ጋሼ የጠርሙሶቻቸውን ቦታ ገሚስ ለቀው፣ የተንሳፋፊዋ መለኪያ አብሮ ተጫነ። ከጉዞው ሲመለሱ ጠርሙሶቹ “ይጎድላል”፣ መለኪያው “ይተርፋል” አሉ። ሁለቱ ሊቃውንት ከመርከቡ የወረዱት እየተጯጯሁ፣ ደስ ብሏቸው ነው።

ዘንድሮ ተንሳፋፊዋ ለጥቂት ወራት ሌላ ተቋም ልታስተምር ሄደች። ጋሼ ጠወለጉ። ስብሰባ ላይ አንድ ሰው የተናገረውን ሰምተው “ልክ ነው” አሉ። ጸሐፊያችን ሐኪም ልትጠራ ስልክ አነሳች።

ትናንት ቢሮዬ መጥተው መስኮቱ ጋ ቆሙ። “ቤቱ ጭር ብሏል” አሉ ወደ ውጭ እያዩ።

እኔ ክርክር ከሩቅ የምሸሽ ሰው ነኝ። አንጀቴ ግን አልቻለም። “ጋሼ፣ እኔ እንኳ ሳስበው፣ የእሷ መለኪያ ሳይሻል አይቀርም” አልኳቸው።

ቀስ ብለው ዞሩ። ትከሻቸው ቀና አለ፣ ዓይናቸው በራ። ወንበር ስበው ከፊቴ ተቀመጡና እጅጌያቸውን ይጠቀልሉ ጀመር። እኔም ስልኬን አጥፍቼ በሩን ዘጋሁት።