ቁልቁል የምትሞከር ፒክአፕ

መኪና ልገዛ ብሎ ሲያወላውል ያረጀ ሰው አይታችኋል? እንግዲያውስ እኔን እዩኝ። ከሐርቡ ቲማቲም እየጫንኩ ደሴ ላወጣ አስቤ፣ ያገለገለ የናፍጣ ፒክአፕ ስመርጥ ስድስት ዓመት ሙሉ ኖርኩ። ያላሸተትኩት ጭስ፣ ያልከፈትኩት ኮፈን የለም። ሻጩ ሁሉ “እንደ አዲስ ናት” ይለኛል። ታዲያ ለምን ትሸጣታለህ ስለው ያኮርፈኛል።

ተስፋ ልቆርጥ ስል፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚኖሩ ጋሽ ሰዒድ የሚባሉ ነጋዴ የራሳቸውን ፒክአፕ አሳዩኝ።

“አባቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ታስቸግራለች?”

“ወላሂ ልጄ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ስወርድ አንድም ቀን አስቸግራኝ አታውቅም!”

ወላሂ ካሉ በኋላ ምን ይጠየቃል? መሪውን ያዝኩና አብረን ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት እንደ ውሃ ወረድነው። ሞተሯ ድምፅ እንኳ የለውም። ምን ድምፅ ያስፈልጋታል? የሚገፋት መንገዱ ነው! ይህን ያሰብኩት ግን ኮምቦልቻ ከገባን በኋላ ነው።

መናኸሪያው በር ላይ ጋሽ ሰዒድ አስቆሙኝና ወረዱ።

“ምነው፣ አብረን አንመለስም እንዴ?”

“ዳገቱን አንተው ሞክራት ልጄ። እኔ በሚኒባስ ልሂድ፤ ሳይመሽብኝ ቤቴ ልግባ።”

ሰዓቴን አየሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ደሴ ደግሞ ያቻትና፣ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ።

ገዛሃት ወይ ትሉኝ ይሆናል። ገዛኋት እንጂ! ምን ላድርግ? ስድስት ዓመት ዞሬ እውነቱን የነገሩኝ ሻጭ እሳቸው ብቻ ናቸው።