ሳላስበው የግቢያችንን በር በይጄ ዘጋሁት

ሁሉም ነገር የጀመረው ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጨዋ፣ ድምፄ ለጎረቤት የማይሰማ ልጅ ነበርኩ።

አሁን በሸዋ ሮቢት ባጃጅ ተራ ሳልፍ ሹፌሮቹ «ኢንጂነር፣ የእኔን በር ደግሞ መቼ ነው የምትዘጊልኝ?» ይሉኛል።

ቆይ፣ ከመሳቃችሁ በፊት ልንገራችሁ።

ለማታውቁኝ፦ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ አባቴ ቤት ነው ያለሁት። አባቴ በያጅ ነው። ግቢያችን ውስጥ ከበሩ አጠገብ ትንሽ ወርክሾፕ አለችው። የከተማውን በር ሁሉ አሳምሮ፣ የራሱን ግቢ በር መቀርቀሪያ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በሽቦ አስሮ የተወ ሰው ነው።

(የበያጅ ልጆች፣ እዚህ ላይ እጃችሁን አውጡ!)

በወርክሾፑ ጥግ ደግሞ «ጣሊያኑ» አለ።

ጣሊያኑ የብየዳ ማሽን ነው። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ጊዜ፣ በዚህ ቆላ መንገድ ሲሠራ ለድልድይ ብረት ተብሎ የመጣ። ቅድመ አያቴ እዚያ ሥራ ላይ ብረት ተሸካሚ ነበሩ። ጣሊያኖቹ ተሸንፈው ሲሄዱ ማሽኑን ጣሉት፤ ቅድመ አያቴም በግመል አስጭነው አመጡትና የማሽላ አገዳ ክምር ውስጥ ደበቁት።

ለምን እንደደበቁት እስካሁን የሚያውቅ የለም። ያኔ በሰፈሩ መብራት የሚባል ነገር አልነበረም!

ከዚያ ወዲህ ጣሊያኑ መቀመጫ ሆኗል፣ ጆንያ ማስደገፊያ ሆኗል፣ የዶሮ ቤት ሆኗል። ሲበይድ ያየው ሰው ግን የለም።

እኔ ደግሞ ወደድኩት። ምን ላድርግ?

ሦስት ወር ለፋሁበት። ስከፍተው ከውስጡ ላባ፣ የተርብ ቤትና አንድ የልጅ ጫማ ወጣ። በመዳብ ሽቦው ላይ የተጠቀለለው አሮጌ ጨርቅ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። ሁሉንም ፈትቼ በአዲስ የጥጥ ጥብጣብ ጠቀለልኩት፣ ቫርኒሽ ቀባሁት። የዩኒቨርሲቲ መጽሐፌ «በምድጃ ውስጥ ይድረቅ» ይላል። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ እያለች ምን ምድጃ ያስፈልጋል? ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት፣ በሁለት ቀን ክው ብሎ ደረቀ።

በመጨረሻም ሳጥኑን ቆንጆ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። ማብሪያ ማጥፊያው ላይ የነበረውን ምልክት ጭምር።

አዎ። ጭምር።

አባዬ ዝም ብሎ ሲያየኝ ከረመ። ባለፈው ሳምንት ግን «እስከ ቅዳሜ ማታ እሳት ካልተፋ ጋሽ ሞላ ይውሰዱት፤ ቦታ ያዘብኝ» አለኝ። ጋሽ ሞላ ከቤት ቤት እየዞሩ አሮጌ ብረት የሚሰበስቡ ሰውዬ ናቸው። እሳቸው የወሰዱት ነገር በመዶሻ ተከትፎ ነው መኪና ላይ የሚወጣው።

የሦስት ወር ልፋቴ! የእኔ ጣሊያን!

ስለዚህ ቅዳሜ ቀን አባዬ መስኮት ሊገጥም ጀውሃ እንደሄደ፣ ሰው እንዳያየኝ የግቢውን በር ዘጋሁ። ዓይናፋር ነኝ ብያችኋለሁ። ለጣሊያኑ የመጀመሪያ ሥራ የመረጥኩለት ያንኑ በሽቦ የታሰረ መቀርቀሪያ ነው። አባዬ ሲመለስ ተጠግኖ ያገኘዋል፣ ይደነቃል፣ ጋሽ ሞላም ባዶ ጋሪያቸውን ይዘው ይመለሳሉ!

የኤሌክትሪኩን መመለሻ ገመድ በመቆንጠጫው በሩ ላይ አያያዝኩ። ኤሌክትሮዱን፣ ማለትም እየቀለጠ የሚበይደውን ዘንግ፣ መያዣው ውስጥ አስገባሁ። በደብተር ያዘጋጀሁት ሃያ ሦስት ነጥብ ያለው የፍተሻ ዝርዝር ነበረኝ፤ ሁሉም ራይት ተደርጎበታል።

ስምንት ሰዓት። ማብሪያውን ተጫንኩ።

ምንም።

ወደ ላይ። ምንም። ወደ ታች። ምንም።

ሁለት ሰዓት ሙሉ! ክዳኑን ፈታሁ፣ የውስጥ ሽቦዎቹን በመለኪያ ለካሁ፣ መልሼ ገጠምኩ፣ ማብሪያውን ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት ቁጥሩ ጠፋኝ። ላብ፣ ዝንብ፣ እንባ። በመጨረሻ አባዬ ጋ ደወልኩና «አቃጠልኩት መሰለኝ። ሞቷል» አልኩት።

«አይዞሽ» አለኝ። « በቃ፣ ጋሽ ሞላን እልካቸዋለሁ።»

አሥር ሰዓት ላይ ጋሽ ሞላ ጋሪያቸውን እየገፉ መጡ፤ ከፈትኩላቸው። ፍየል እንዳይገባ በሩን ከኋላቸው ቀረቀሩት። እኔ መሬት ላይ የጣልኩትን የኤሌክትሮድ መያዣ ደግሞ፣ ጨዋ ሰው ስለሆኑ፣ አንስተው መቀርቀሪያው ላይ ሰቀሉልኝ።

ጣሊያኑን ዞር ዞር ብለው አዩት። «ልጄ፣ ምነው ቀለም ቀባሽው? ልትድሪው ነው ወይስ ልትሸኚው?»

«ትንሽ ይጠብቁኝ» አልኩና ዞሬ በብየዳ ጓንቴ ዓይኔን ጠረግኩ።

ይሄኔ ነው ከየግቢው፣ ልጁም አዋቂውም፣ በአንድ ድምፅ የጮኸው፦

«መጣ!!!»

መብራት ነው የመጣው።

ወገኖቼ፣ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ሰፈሩ ውስጥ መብራት አልነበረም!

ከሃያ ሦስቱ ነጥቦች የመጀመሪያው «መብራት መኖሩን አረጋግጪ» ይላል። አረጋግጫለሁ እኮ! ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። አንዴ ራይት የተደረገበትን ነገር ደግሞ ማን ያያል?

ጣሊያኑን ደግሞ ከሶኬቱ አልነቀልኩትም። ማብሪያው ወደ ላይ ሲሆን ነው የሚበራው ወይስ ወደ ታች? ምልክቱ አረንጓዴ ቀለም ስር ነው። መልሱን ራሱ ሰጠን። እንደ ወፍጮ ቤት ማጉረምረም ጀመረ።

«ሞቷል አልተባለም እንዴ?!» ብለው ጋሽ ሞላ ጋሪያቸው ላይ ወጡ።

መቀርቀሪያው ላይ የተሰቀለው ኤሌክትሮድ መቅላት ጀመረ። እዚህ ላይ የተማረ ሰው ምን ያደርጋል? ሮጦ ማሽኑን ያጠፋል።

እኔ ሮጬ ኤሌክትሮዱን ያዝኩ!

ጓንት አድርጌያለሁ፤ ማስኩ ግን ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ብጎትተው አይለቅም። ዩቲዩብ ላይ «ሲጣበቅባችሁ ወዝወዝ አድርጉት» ያለ አንድ ሰውዬ ትዝ አለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩና ወዘወዝኩት።

ጠሽሽሽሽ!

ዓይኔን ስገልጥ መቀርቀሪያው፣ የሚገባበት ቀለበትና ግማሹ ኤሌክትሮድ አንድ ብረት ሆነዋል። ወዲያው ከመንገዱ ምሰሶ በኩል «ድው!» የሚል ነገር ተሰማ፤ የሰፈሩ መብራት ተመልሶ ሄደ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየም! በቀኝ በኩል «በስማም!»፣ በግራ በኩል «ያ ረቢ!»።

ያኔ በሩ ተንኳኳ። አባዬ ነው።

«ክፈቺ።»

«አይከፈትም።»

«ለምን?»

«በይጄዋለሁ።»

«ምኑን?»

«በሩን።»

«በምን በየድሽው?»

«በጣሊያኑ።»

ይጮህብኛል ብዬ ጆሮዬን ያዝኩ። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስንት ቁጥር ኤሌክትሮድ ነው የተጠቀምሽው?» አለኝ።

መልስ ሳልሰጥ ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ከሚያዋስነን የግንብ አጥር በላይ ብቅ አሉ። «ወላሂ፣ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምራ አባቷን ደጅ ዘጋችበት!» ብለው ለመንገዱ ሁሉ አወጁ። «ሞላም ውስጥ ነው! ጋሪው ላይ ቆሟል!»

መንገዱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ከጣሊያኑ ኋላ ተደበቅኩ።

በእትዬ ዘሀራ በኩል አንድ መሰላል፣ በእኛ በኩል ሌላ ተደገፈ። አባዬ በእሳቸው ግቢ ዞሮ ገባ፣ ጋሽ ሞላ በዚያው ወጡ። ጋሪያቸው ቀረ።

አባዬ እኔን አላየኝም። መዶሻ አነሳና ብየዳዬን መታው። ንቅንቅ አላለም። ደገመው። መቀርቀሪያው ጎበጠ እንጂ ብየዳው አልለቀቀም።

«ማን አሳይቶሽ ነው?»

«ማንም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

«እንግዲህ ሁለተኛ እንዳትገልጪው» አለ።

መብራት ስለሌለ የብረት መቁረጫው ግራይንደር አይሠራም። በእጅ መጋዝ ሲገዘግዝ ቆይቶ፣ ሩቡን እንኳ ሳይቆርጥ ፀሐይ ጠለቀች። መጋዙን አስቀመጠ። የእሁድ ዋዜማ ገብቷል፤ አባቴ ደግሞ እሁድ ከገባ ብረት አይነካም።

እትዬ ዘሀራ ከግንቡ በላይ፣ «መጋዙን ለእኔ አቀብለኝ። ለእኔ እሁድ እንደ ማክሰኞ ነው» አሉት።

አባዬ ትንሽ አሰበበት። «ዘሀራ፣ አንቺስ እሺ። በሩ ግን የክርስቲያን ነው።»

ስለዚህ እሁድ ጠዋት ነጠላዬን ተከናንቤ በመሰላል ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

ማለቴ፣ ልሄድ ወጣሁ። የእትዬ ዘሀራ ግቢ ያን ጠዋት እንዴት እንደሞላ ብታዩ! አንዱ ጨው ሊበደር፣ አንዷ ልጇን ልትፈልግ፣ ጋሽ ሞላ ደግሞ «ጋሪዬ እንዴት አደረች?» ለማለት። ሁሉም ግንቡን እያዩ ነው። እኔ ደግሞ ጫፉ ላይ ስደርስ ነጠላዬ ግንቡ ላይ በተሰካው የጠርሙስ ስባሪ ተያዘ። አንድ እግሬ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። ሰው ፊት ስሜን ለመናገር የምፈራ ልጅ!

አባዬ ከታች መሰላሉን እንደያዘ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ሰኞ የወርክሾፑን ጣሪያ ቆርቆሮ በጣሊያኑ በኩል እቀጥለዋለሁ። ያ ጥግ ለአንቺና ለእሱ አይበቃም» አለኝ።

«ጋሽ ሞላስ?»

«ጋሪያቸውን ይወስዳሉ።»

ይሄኔ አንዱ ከታች ስልኩን አነሳብኝ። ሌላ ቀን ቢሆን በነጠላዬ ፊቴን እሸፍን ነበር። ነጠላዬ ግን በጠርሙሱ እንደተያዘ ነው። «አንሳኝ፣ ግን ለእኔም ላክልኝ» አልኩት። ከላይ የምታዩት ፎቶ እሱ ነው። ሌላ ሰው ሳይለጥፈው እኔው ለጠፍኩት።

አሁን ምክራችሁን እፈልጋለሁ፦ ሲቪዬ ላይ «የመኖሪያ ግቢ ደኅንነት ፕሮጀክት፣ መቶ በመቶ የተሳካ» ብዬ ልጻፈው ወይስ ይቅርብኝ?