የኦቦ ጎበና በሬ፣ ቁጥር አሥራ ሰባት

ባለፈው ሐሙስ ቡራዩ ታክሲ እየጠበቅሁ ሳለ ዝናብ ድንገት ወረደ። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት የይዞታ ካርታቸውን በነጠላቸው ሊሸፍኑ ሲታገሉ፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የደብተሯን ላስቲክ ገፍፋ ካርታውን ጠቀለለችላቸው። የራሷን ደብተር ሹራቧ ውስጥ ወሸቀችው። ይህን ስታደርግ ከንፈሯ አንድ ነገር ያነበንብ ነበር። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ፤ አማርኛ አይደለም፣ ኦሮምኛ አይደለም፣ እንግሊዝኛም አይደለም።

የቋንቋ ተማሪ! ወዲያው አወቅኋት።

በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የሕክምና ተማሪ ጎረቤቱን ሁሉ በሽተኛ ያደርጋል፤ የሕግ ተማሪ ጎረቤቱን ሁሉ ከሳሽ ያደርጋል። የቋንቋ ተማሪ ግን ከሁሉም ይብሳል፤ ጎረቤቱን ሁሉ ተማሪ ያደርጋል። ለእኛ ሰፈር የደረሰችን ክብርት አምባሳደር ገለቴ ቀጄላ ነበረች። ሹመቱን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ እሷም ሳትግደረደር ተቀብላለች።

ዋና ትምህርቷ ፈረንሳይኛ ነበር። ጣሊያንኛን፣ ስፓኒሽንና ፖርቱጋልኛን ደግሞ ጎን ለጎን ታስኬዳቸዋለች። "የአንዲት ላቲን ልጆች እኮ ናቸው ጋሼ የሱፍ! አንዷን ካወቁ ሦስቱ ራሳቸው ይመጣሉ!" ትለኝ ነበር። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ፣ የቀረውን ደግሞ ዕቃ ከሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ የተማርኩ ሰው ነኝና አመንኳት። ሦስቱን ጠበቅሁ። አልመጡም።

አጠናኗ የራሷ ነው። ቃሉን በአራቱም ቋንቋ ቁራጭ ወረቀት ላይ ትጽፍና፣ ቁጥር ሰጥታ፣ ዕቃው ላይ በፕላስተር ትለጥፈዋለች። የጀመረችው ከእኔ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነው። መቀሱ አንድ፣ መደርደሪያው ሁለት እያለች በሩ ላይ ስትደርስ አሥራ ሦስት ሞላ። እስክሪብቶ ልትገዛ መጥታ እንኳ "በስፓኒሽ ካልጠሩልኝ አልወስደውም!" ብላ ትቆማለች። ከኋላዋ ሰልፍ ይረዝማል። እኔ ምላሴ ይተሳሰራል።

2008 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነገሩ ሌላ ሆነ። ማስተር ፕላኑ አዲስ አበባን ወደ እኛ ሊያሰፋ፣ ማሳውን ሊወስድ ነው ተብሎ አገሩ ታመሰ። መንገድ በድንጋይ ይዘጋል፣ ታክሲ ይጠፋል። ወጥተው ያልተመለሱ ልጆችም ነበሩ፤ አላህ ለወላጆቻቸው ጽናቱን ይስጣቸው። ባለ ማሳ ሁሉ ቀያሽ መጣ አልመጣ እያለ አጥሩን ይጠብቃል። በዚህ መሀል የክብርት አምባሳደር ፈተና ደረሰና፣ ቃላቷ ከሱቄ ሞልተው ወደ ማሳው ፈሰሱ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጎረቤታችን ኦቦ ጎበና በሬያቸውን እየጎተቱ መጥተው ሱቄ ደጃፍ ላይ ጮኹ። "ዛፌ አሥራ አራት ሆኗል! ጉድጓዴ አሥራ አምስት! ገረገራዬ አሥራ ስድስት! በሬዬ ደግሞ አሥራ ሰባት! ኧረ ሰዎች፣ በሬም ፕላኑ ውስጥ ገባ?"

ለካ እሑድ ለቅሶ ሄደው ሳለ ገለቴ ግቢያቸው ዞራለች። ወረቀቱ ከበሬው ግራ ቀንድ ላይ ይርገበገባል።

ሰው ተሰበሰበ። ኦቦ ጎበና በመሠረተ ትምህርት ዘመን የተማሩት ፊደል ብቻ ስለሆነ የላቲኑን ጽሑፍ አያነቡም። ወጣቶቹ አነበቡት። "ኦሮምኛም አይደለም፣ እንግሊዝኛም አይደለም" አሉ። ይሄ ነገሩን ይበልጥ አባባሰው። "በቃ፣ የውጭ ባለሀብት ነው!" አለ አንዱ። ሌላው ዓይኑን ወደ መደርደሪያዬ ወረወረ። "ከአንድ እስከ አሥራ ሦስት እዚህ ነው! ዝርዝሩ የሚጀምረው ከየሱፍ ነው!" በሕይወቴ አንደኛ የወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"የገለቴ ትምህርት ነው" ብዬ ማልሁ። "ለበሬ ነው የምታስተምረው?" አሉኝ። በልቤ ያ ረቢ እያልሁ ሳለ ባለጉዳይዋ ራሷ ገለቴ ብቅ አለች። ታክሲ አጥታ ከአስኮ በእግሯ መመለሷ ነበር። ግርግሩን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ግን አልሸሸችም። ከቀንዱ ላይ ወረቀቱን አንስታ ጮክ ብላ አነበበች። አጥሩ ሥር ወዳለው ቁጥር አሥራ አራት ባሕር ዛፍም ሄዳ "አርብር፣ አልቤሮ፣ አርቦል፣ አርቮሬ" አለች።

ኦቦ ጎበና ከዘራቸውን አነሡ። "ይቺስ?"

ገለቴ ወረቀት ሳታይ አራት ስም ደረደረች።

"ቁጥሩስ ለምንድን ነው?"

"ስንት ቃል እንደያዝኩ ለማወቅ ነው፣ አባባ።"

ሽማግሌው በሬያቸውን አዩት። መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ሰው ሁሉ።

ያልሳቁት አባቷ ኦቦ ቀጄላ ብቻ ነበሩ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ" አሏት፤ "ዛሬ ስቀው ለቀቁሽ። ነገ ሳይስቁ የሚይዙሽ አሉ። ሁሉንም ልቀሚ። ትምህርቱም በቃሽ።"

ልትመረቅ አንድ ሴሚስተር ነበር የቀራት። ስድስትና ሰባት ቋንቋ የምትናገር ልጅ፣ በአንዱም አንድ ቃል ሳይወጣት ከአጥር አጥር እየዞረች ለቀመች።

በማግስቱ እኔና ኦቦ ጎበና አባቷ ዘንድ ሄድን። እኔ የተዘጋጀሁበትን ረጅም ንግግር አደረግሁ፤ ኦቦ ቀጄላ መሬት መሬት እያዩ ሰሙኝ። ከዚያ ኦቦ ጎበና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ቀጄላ፣ ልጅህ ለበሬዬ አራት ስም አወጣችለት። ሳትጨርስ ካስቀረሃት፣ እኔ በየትኛው ልጥራው?"

ኦቦ ቀጄላ ሳቃቸውን ሊውጡ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። መንገድ ሲከፈት ራሳቸው አስኮ ድረስ ሸኟት። ጥር ላይ ፕላኑ ቀረ ተባለ፤ ክረምት ሲገባ እሷ ተመረቀች። ዛሬ አዲስ አበባ ፈረንሳይኛ ታስተምራለች።

እነዚያ አሥራ ሦስት ወረቀቶች ግን ከሱቄ አልተነሡም። ፕላስተሩ ሲለቅ አድሳለሁ። ጠዋት ቢስሚላህ ብዬ በሩን ስከፍት፣ ማንም ሳይሰማኝ አንድ በአንድ እጠራቸዋለሁ። ሦስቱ ራሳቸው አልመጡም እንጂ ጎትቼ አምጥቻቸዋለሁ። ይህን ያህል ዕውቀት ደጄ ድረስ ላመጣልኝ ጌታ ምስጋና ይግባው።

ያን ሐሙስ ዝናብ መትቶኝ ሱቅ ስደርስ፣ ገለቴ ራሷ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። "በስፓኒሽ ካልጠሩልኝ" የሚለውን የዱሮ መፈክሯን አላሰማችኝም። መደርደሪያው ላይ ያለውን ቁጥር ሁለትን በጣቷ ነካ አደረገች።

"ጋሼ የሱፍ፣ አባቴ የዕቃ ስም እየጠፋባቸው ነው" አለች። "ትናንት ማንኪያ ይዘው ስሙን ሲፈልጉ ምግቡ ቀዘቀዘ። ቤቱን በወረቀት ልሞላላቸው ነው። እሳቸውም ግን እንደ ኦቦ ጎበና የሚያነቡት ፊደል ብቻ ነው፤ የእኔን ጽሕፈት ደግሞ ከድሮም አይወዱትም። እርስዎ በዚያ ባማረ እጅዎ፣ በትልቁ፣ በኦሮምኛ ይጻፉልኝ። በሩን፣ ወንበሩን፣ ማንኪያውን… እኔንም።"

ወረቀትና መቀስ አነሣሁ።

"አንድ ነገር ብቻ አደራ" አለችኝ። "ቁጥር እንዳያደርጉበት። ይደነግጣሉ።"