የመናፈሻው ዘበኛና የይቅርታው ድንጋይ

መናፈሻን ከሰው የሚጠብቅ ዘበኛ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ እስካሁን ደሜ ይፈላል። እንዲህ ላለው ሰው ፊሽካ ብቻ ስጡት፣ የወለደውን አባቱን ከሳር ላይ ያስነሣል።

ከቀራንዮ ከፍ ብሎ ያለው አሮጌ የጣሊያን ምሽግ መናፈሻ ሆነ ሲባል ደስ ብሎን ነበር። እኛ የሰፈሩ ሽማግሌዎች የተጣላ የምናስታርቀው ድሮም እዚያው ወይራ ሥር ነው። ባለፈው እሁድ በአባታቸው ቤት ውርስ የተኳረፉ ሁለት ወንድማማቾችን ይዘን ወጣን። ታናሹ ጥፋቱን አመነ። እንደ ወጉም ከፈረሰው ግንብ አንድ ድንጋይ አንሥቶ ተሸከመና ታላቁ ፊት ተንበረከከ። የተበደለው "አውርድ፣ ይቅር ብዬሃለሁ" እስኪል ድንጋዩ አይወርድም። የታላቁ ዓይን እንባ አቅርሯል፤ አፉን ሊከፍት ነው።

ፊሽካ ተነፋ!

"አንተ ሌባ! ቅርስ ተሸክመህ ወዴት ነው? አውርድ!" አለ ዘበኛው።

"ልጄ፣ ዕርቅ ላይ ነን" አልኩት።

"አባባ፣ እርስዎ ያሉት ሳር ላይ ነው! ይነሡ!"

ታናሹ ደንግጦ ድንጋዩን ጣለው። ታላቁ ብድግ አለ።

"ለዘበኛ አውርዶታል፤ እንግዲህ እኔን ምን ይፈልገኛል?" ብሎን ሄደ።

ምሽጉን የሠራው ጠላት እንኳ ሲባረር ድንጋዩን ትቶልን ነበር እኮ! ዛሬ ያ ድንጋይ ኖራ ተቀብቶ ሳሩ ዳር ተቀምጧል። ወንድማማቾቹ ግን ታክሲ ውስጥ ከተገናኙ፣ አንዱ ፌርማታው ሳይደርስ ይወርዳል።