ያልተተኮሰው ሙሽራ

ትናንት ከምሳ በኋላ ልብስ ሰፊው አንዳርጌ ሕልም አየ። ሕልሙን ያየው በሆዱ ተደፍቶ ነው። በጀርባው እንዳይተኛ መቀመጫው ላይ ሦስት እባጮች ነበሩበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳርጌ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ብርድ እንጂ ዝንብ አያውቅም። ወደ ቴፒ ወርዶ የስፌት ሱቅ በከፈተ ሰሞን፣ ቤት ያከራየችው እትዬ ዘርፌ ያጠበውን ልብስ ሣር ላይ ሲያሰጣ አየችውና ከበሯ ላይ ሆና ጮኸችበት።

«ኧረ አንሣ! ይኼ አገር እንደናንተ አገር አይደለም! እዚህ ዝንቧ እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ሳትተኩስ ከለበስከው ትሉ ቆዳህ ውስጥ ገብቶ ያድጋል። እዚህ ካልሲም ይተኮሳል፣ የውስጥ ሱሪም ይተኮሳል!»

«የውስጥ ሱሪዬን ደግሞ ማን ሊያየው ነው?» አላትና ሳቀ።

አይፈረድበትም። ቀኑን ሙሉ የሰው ሱሪ ሲተኩስ የሚውል ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ካውያ ማየት አያምረውም። እሷም «ነግሬሃለሁ» ብላ ገባች።

ዘንድሮ ክረምቱ በረታ፤ ልብስም አልደርቅ አለ። እባጮቹ ሲወጡ መጀመሪያ ትንኝ የነከሰው መሰለው። ከዚያ አበጡ። ጫፋቸው ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነገር ተከፈተች፤ በቀዳዳዋ ውስጥም አንድ ነገር ይገላበጥ ጀመር። አንዳርጌ ከወንበር ጋር ተጣላ። አንድ እግሩን የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አድርጎ ቆሞ መስፋት ጀመረ፤ ሰው ሲጠይቀው «ወገቤን ነው» ይላል። ሰውም «ወገብ ክፉ ነው» እያለ ያልፋል። እትዬ ዘርፌ ግን እንዲህ በቀላሉ የምትሞኝ አይደለችም።

«ትል ነው» አለችው። «መድኃኒቱ ደግሞ ቀላል ነው። ቀዳዳው ላይ ቁራጭ ጮማ ይለጠፍበታል። አየር ሲያጥረው ራሱ ብቅ ይላል፤ ያኔ ከግራና ከቀኝ ጫን አድርጎ ማውጣት ነው። ጋሽ ሽብሩ ጋ ሂድ። ጮማውም አላቸው፣ አውራ ጣታቸውም ብርቱ ነው። ለስንቱ ሰው አውጥተዋል!»

«ብሞት ጋሽ ሽብሩ ጋ አልሄድም!»

እውነቱን ነው። ጋሽ ሽብሩ የሥጋ ቤት ባለቤት ብቻ አይደሉም፤ የትርንጎ አባት ናቸው። አንዳርጌ ትርንጎን ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች፤ በማግስቱ እሑድ ደግሞ አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ሊልክ ነበር። ጋሽ ሽብሩ በከተማው የታወቀች አንዲት አነጋገር አለቻቸው። «እኔ በሬም ሳላገላብጥ አልገዛ፤ ልጄንማ ውስጡን ላላየሁት ሰው አልሰጥም» ይላሉ። ውስጡ ትል ያለበትን አማች ማን ይፈልጋል? ስለዚህ አንዳርጌ ትሎቹን እንደያዘ ሊያገባ ቆርጦ፣ አልጋው ላይ በሆዱ ተደፋ። እንቅልፍም ይዞት ሄደ።

በሕልሙ ገበያ መሃል ቆሟል። ፀሐይ ከመሬት ወደ ላይ ታበራለች፤ ልብሶች ሰው ለብሰው ወዲያና ወዲህ ይንሸራሸራሉ። አንድ ሰፊ ካፖርት ቀጭን ሰውዬ ለብሶ መጣና ሱቁ ፊት ቆመ።

«ይኼ ሰው ጠቦኛል» አለ ካፖርቱ። «ትንሽ ታሰፋልኛለህ?»

«ለመቼ?» አለ አንዳርጌ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ እየሳበ። ምንም አልደነቀውም፤ እንዲያውም ልቡ በደስታ ዘለለ። እንዲህ ያለ ገበያ በዕድሜው አይቶ አያውቅም!

«ለነገ። ሠርግ አለብኝ፤ ሌላ የምለብሰው ሰው ደግሞ የለኝም።»

ከካፖርቱ ኋላ የሸሚዝ ሰልፍ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። አንዱ ሸሚዝ የለበሰው ሰው እጁ ረዝሞበታል። አንዲት የሐር ቀሚስ «አንድ ጊዜ ባጥባት ሴትዮዬ ቀለሟን ለቀቀች» እያለች ታለቅሳለች። አንዳርጌ ቀጭኑን ሰውዬ በጠመኔ አሰመረበት። ሰውዬው «ጎኔ ላይ ትንሽ ትርፍ ተውልኝ፣ ምናልባት እወፍር ይሆናል» ብሎ ለመነው። እሺ ብሎ መቀሱን ሲያነሣ፣ የገዛ ሱሪው ከእግሩ ሹልክ ብሎ ወጣና ጆሮውን ያዘው።

«የሰው ሰው ታሰፋለህ፤ አንተ ግን አድፈሃል። ና ወዲህ!»

ሱሪው እየጎተተ ወንዝ አወረደው። በሳሙና አሸው፣ ድንጋይ ላይ ደበደበው፣ ጠምዝዞ ጨመቀው፣ አራገፈውና ሣር ላይ አሰጣው። ከጎኑ ሌሎች ሰዎችም ተሰጥተው ነበር።

«ደረቅህ?» ሲል አንድ የተሰጣ ሹፌር ጠየቀው።

«ገና ነኝ። አንተስ?»

«ብብቴ ብቻ ቀርቷል።»

ያኔ አንዳርጌ የት እንደተሰጣ ገባው። «ሣር ላይ አይሆንም! ገመድ ላይ አድርገኝ! ዝንቧ ትመጣለች!» ብሎ ጮኸ።

«ደግሞ አንተን ማን ሊያይህ ነው?» አለ ሱሪው፤ እየሳቀም ሄደ።

ወዲያው ቤት የሚያህል የከሰል ካውያ ጭሱን እያትጎለጎለ በመንገዱ መጣ። ውስጡ ተሳፋሪ ሞልቷል። ረዳቱ ደረቱ ድረስ ብቅ ብሎ ይጣራል። «ሥጋ ቤት! ሥጋ ቤት! አንድ ሰው የቀረው!» አንዳርጌ ዘሎ ተነሣ። ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ዛሬ መሆኑ አሁን ነው ትዝ ያለው! ገና አልደረቀም፤ ውኃው ከክርኑ እየተንጠባጠበ ሮጦ በሩን ያዘ።

«ተተኩሰሃል?» አለው ረዳቱ።

«አልተተኮስኩም፤ ግን እቸኩላለሁ፣ ሙሽራ ልሆን ነው!»

«ያልተተኮሰ አንጭንም! ሳበው!»

ካውያው ፍሙን እያፏጨ ሄደ። አንዳርጌ በእግሩ ተከተለ። ሮጠ፣ ሮጠ፣ ሳንባው እስኪቃጠል ሮጠ። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ከበስተኋላው ድምፅ ሰማ። ሰው እንግድነት ሲሄድ ከውጭ ሆኖ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ይኼኛው ግን የሚጣራው ከውስጥ ነበር።

«ደጆች!» አለ ድምፁ።

«ቤቶች!» አለ አንዳርጌ ግራ ገብቶት። «ማነው?»

«እኛ ነን፣ ቤተኞችህ።»

ነጭ ጋቢ የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ ሦስት ትሎች በየቀዳዳቸው ብቅ አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ትልቁ ትል ባርኔጣውን አውልቆ ተናገረ።

«ሽማግሌ ቸግሮሃል ሲሉ ሰማን።»

«ሽማግሌስ አለኝ» አለ አንዳርጌ። «ሁለቱ ደንበኞቼ ናቸው፣ አንዱን እትዬ ዘርፌ ናት ያመጣችልኝ። ግን ለሰው አገር ሰው ማን ከልቡ ይናገርለታል? እኔን የሚያውቀኝ የለም።»

«እኛ እንሂድልህ። ውስጥህን ከኛ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?»

አንዳርጌ በደስታ እንባው መጣ። ለካ ይህን ያህል ጊዜ የሸሸጋቸው እንግዶች ወገኖቹ ኖረዋል! ትሎቹን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ወደ ሥጋ ቤቱ በረረ።

ሥጋ ቤቱ ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰ በሬ ቢላዋ ይስላል። «ግማሽ ኪሎ ለምለም ሣር፣ ከጫፉ!» ብሎ ይጣራል። ደጁ ላይ ጋሽ ሽብሩ አንገታቸው በገመድ ታስሯል፤ ሁለት በሬዎች ያገላብጧቸዋል። አንዱ ከንፈራቸውን ገልጦ ጥርሳቸውን ያያል፤ ሌላው ጎናቸውን በቀንዱ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል።

«ትንሽ አርጅቷል» አለ አንደኛው በሬ።

«ድምፁ ግን ጥሩ ነው። ለጥበቃ ይሆናል» አለ ሁለተኛው።

ጋሽ ሽብሩ ታስረውም ቢሆን ግርማቸው አልጎደለም። «ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?» አሉ፤ ትሎቹን ቁልቁል እያዩ። «ተቀመጡ!»

«አንቀመጥም» አሉ ሦስቱም ባንድ ድምፅ። የሽማግሌ ወግ የታወቀ ነው፤ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም። «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡልን መጥተናል።»

«ማነው እሱ?»

«አሳዳጊያችን ነው።»

«ውስጡን አይታችሁታል?»

«ኖረንበታል!»

ሰዉ፣ ልብሱ፣ በሬው ሁሉ ተሰበሰበ። የጋሽ ሽብሩ ዓይን ጠበበ። «እሺ፣ ውስጡ ምን አለ? አንድ በአንድ ንገሩኝ።»

«ሙቀት አለው» አለ ትንሹ ትል። «እንግዳ አይገፋም።»

«ሥጋው ልስልስ ነው» አለ መካከለኛው። «ክፋት አላገኘንበትም።»

ትልቁ ትል ከዘራውን ተደገፈ። «እውነት ከተፈለገ ፈሪ ነው። በተለይ እርስዎን ይፈራል። ነገር ግን ትርንጎ በሱቁ በር ስታልፍ ደሙ እንዲህ ይፈላና እኛ እንቅልፍ እናጣለን። አንድ ቀን መርፌ እጁን ወግቶት እሷን ሲያይ አላወቀውም። ከዚህ በላይ ምን ይመሰከራል?»

ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ሸሚዞቹ የለበሷቸውን ሰዎች ወደ ላይ ወረወሩ። አንዳርጌ ልቡ በአፉ ሊወጣ ደረሰ። ተሳካ! ተሳካ!

«ጥሩ» አሉ ጋሽ ሽብሩ። «አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ይቀመጥልኝ። ፊቴ ከተቀመጠ ልጄን ሰጠሁት።»

አንዳርጌ ደርቆ ቀረ። ሦስቱ ትሎች ጋቢያቸውን ሰብስበው ከትከሻው ወርደው በየቀዳዳቸው ገቡ፤ «ኧረ በፈጠረህ! ቤታችን ይፈርሳል!» እያሉም ከውስጥ ይጮኹ ጀመር። ሕዝቡ «ተቀመጥ! ተቀመጥ!» ይላል። ያን ጊዜ ትርንጎ የእንጨት መቀመጫ ዱካ ይዛ ከጓዳ ወጣች። በዚያ ሁሉ ትርምስ ውስጥ እንደ ወትሮዋ የነበረችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ቀሚሷ እሷን አልለበሰም፤ ቀሚሷን የለበሰችው እሷ ናት። አንዳርጌ ሲያያት ምን ያህል እንደሚወዳት ለራሱ እንኳ ገረመው። ዱካውን ከኋላው አኖረችለት።

«ለኔ ስትል ተቀመጥ» አለችው።

ለትርንጎ ሲል ምን የማያደርገው አለ! ዓይኑን ጨፈነ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ እንዳለ ዱካው ላይ ዘጭ አለ።

«ኧረ እናቴ!»

በራሱ ጩኸት ነቃ። በሆዱ እንደተደፋ ነው። ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ወርዷል፤ ያልተተኮሰው የውስጥ ሱሪም አብሮት። እትዬ ዘርፌ እንዳይራገጥ እግሮቹ ላይ ተቀምጣለች። መቀመጫው ላይ ጮማ ተለጥፏል፤ በጮማው ግራና ቀኝ ደግሞ ሁለት ብርቱ አውራ ጣቶች ተተክለዋል።

«አትነቃነቅ!» አሉ ጋሽ ሽብሩ። «አንገቱን አውጥቷል።»

ጣቶቹ ጫን አሉ። አንድ ነገር ብቅ ብሎ ሾለከ። ጋሽ ሽብሩ አንሥተው በመስኮቱ ብርሃን አዩትና ከሁለቱ ወንድሞቹ ጎን ሣህኑ ላይ አስቀመጡት። «ይኼ ትልቁ ነው» አሉ።

ከበሩ ውጭ ደግሞ «አባዬ፣ አረቄው በቃህ ወይስ ልጨምር?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ድምፁን አንዳርጌ ከሺህ ድምፅ መካከል ይለየዋል። ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀበረ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር።

«ጋሽ ሽብሩ» አለ ከትራሱ ውስጥ። «የነገው ጉዳይ... እንግዲህ ቀረ ማለት ነው?»

ጋሽ ሽብሩ ጣቶቻቸውን በፎጣ ጠረጉ። ቀጥሎ አረቄውን ቁስሉ ላይ አፈሰሱበት፤ አንዳርጌ ትራሱን ነከሰ።

«እኔ በሬም ሳላገላብጥ አልገዛም። ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ አገላበጥኩህ» አሉና ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። «ሽማግሌዎችህ ነገ ሲመጡ እንዳይቆሙ፤ ገብተው ይቀመጡ በላቸው። አንተ ግን ለጊዜው ቁም።»